ገንዳችንን በምን እናጽዳ? ውሃውንስ እንዴት እናንቀሳቅሰው?

በዛሬው ዝግጅታችን ሁላችንም ቤት፣ በየመስጂዱና በየማሳው ስላለ፣ ግን እምብዛም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ እናነሳለን። ጉዳዩ ተጠራቅሞ ስለሚቀመጥ ውሃ ነው። ሮቶው፣ በርሜሉ፣ የውዱእ ገንዳው፣ በማሳ ዳር በላስቲክ የተነጠፈው ኩሬ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ገንዳ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ይላሉ። በረኪና ይሁን ዱቄት ክሎሪን፣ እንክብል ይሁን የዛፍ ፍሬ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከታች በዝርዝር ታገኙታላችሁ። ነገር ግን ከእሱ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ውሃው ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል? ቆሞ በሚውልና በሚያድር ውሃ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስለ ማጽጃው ከመነጋገራችን በፊት ስለ እንቅስቃሴው እንነጋገራለን።

ራያ ቆላና ውሃ

ቆቦንና አካባቢዋን የሚያውቅ ሰው ውሃ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከምዕራብ በኩል ካለው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በክረምት የሆርማትን፣ የጎሊናንና የአላ ውሃን ወንዞች ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ግን አብዛኛው የወንዝ አልጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የራያ ገበሬ ይህንን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ማስገባትን ከአባቶቹ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጥበብ አድርጎ ይዞታል። በ1977ቱ ድርቅ ከቆቦ ብዙም በማይርቀው ኮረም የደረሰውን እልቂት የሚያስታውስ ሰው፣ በዚህ ምድር ውሃ ማጠራቀም ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳል።

ለዚህም ነው ባለፉት አሥርት ዓመታት ውሃ የማጠራቀሙ ሥራ የበረታው። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራና በትግራይ ክልሎች በየቤተሰቡ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። አንዳንዱ በሲሚንቶ፣ አንዳንዱ በወፍራም ላስቲክ የተነጠፈ ነበር። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለሌሎች ሰብሎች በጠብታና በርጭት መስኖ እንዲደርስ ተደርጓል። በከተማው ደግሞ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶና በርሜል የሌለው ግቢ ማግኘት ያስቸግራል።

እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው። ይሁንና ውሃን ማጠራቀም ማለት ውሃን ማቆም ማለት ነው። የቆመ ውሃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃውን ድፉት ብሎ መምከር ለራያ ሰው አይሆንም። ስለዚህ ምክራችን ውሃውን ሳናጣ በሽታውን እንዴት እናስቀር የሚል መሆን አለበት።

ውሃ ሲቆም ምን ይሆናል?

1ኛ. ትንኝ ይፈለፈልበታል። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ላይ ነው። እንደ ራያ ባለ ሞቃት ቆላ እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ እጭ ሆኖ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። እጩ የሚተነፍሰው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ ስለሆነ የረጋ ውሃ ይመቸዋል፤ የሚናወጥና የሚፈስ ውሃ ግን ይገድለዋል ወይም ጠርጎ ይወስደዋል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመና ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ያካሄዱት ጥናት፣ ለአነስተኛ ግድቦች ቀርበው የሚኖሩ ሕፃናት ከግድቡ ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ በወባ የመያዝ ዕድላቸው 7 እጥፍ ሆኖ እንዳገኘው አሳይቷል። ግድቦቹ የተሠሩት ሕዝቡን ከረሃብ ለማዳን ነበር። ይህ እንግዲህ ግድብ አትሥሩ ማለት አይደለም። ግድብ ስትሠሩ ስለ ትንኙም አስቡ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የእስያ የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር ነው። በኋላ በተደረገ አሰሳም በአፋር፣ በድሬዳዋ፣ እንዲሁም በወሎዋ ባቲ ተገኝቷል። ይህ ትንኝ ከነባሮቹ የሚለየው በከተማ ሮቶ፣ በርሜልና የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተመችቶት መራባቱ ነው። ነባሩ የወባ ትንኝ የሚበረታው ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው፤ ይኸኛው ግን ሮቶ እስካገኘ ድረስ በበጋም አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወቅት የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ከዚሁ ትንኝ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ የመስጂዳችን ገንዳ ክዳን ክፍት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

2ኛ. ቀንድ አውጣ ይኖርበታል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ዝግ ብሎ የሚሄድና ሣር የበቀለበት ቦይ፣ የኩሬ ዳርና የወንዝ ጥግ ይወዳል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጥገኛ ተሕዋስ በዓይን አይታይም፤ ውሃው ውስጥ የሚዋኝን ልጅ ወይም ልብስ የምታጥብን እናት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰው ሳያገኝ ከ48 ሰዓት በላይ ግን አይኖርም።

3ኛ. ዝቃጭና ንፍጥ ይይዛል። በሮቶው ግድግዳ ላይ በእጅ ስትነኩት የሚያሟልጨው ነገር የጀርሞች መኖሪያ ነው። ጀርሞቹ በዚያ ንፍጥ ተሸፍነው ስለሚቀመጡ ከላይ የተጨመረ ክሎሪን በቀላሉ አያገኛቸውም። የቧንቧ ውሃ ከነክሎሪኑ ቢገባም እንኳ ውሃው ሲቆይ ክሎሪኑ ከሙቀቱና ከቆሻሻው ጋር እየተዋጋ ያልቃል። ክሎሪን ባለቀበት ውሃ የኮሌራ፣ የታይፎይድና የተቅማጥ ጀርሞች በቀላሉ ይቆያሉ።

ሃይማኖታችን ስለ ቆመ ውሃ ያስተማረንን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በማይፈስ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸው፣ ማታ ማታም የውሃ ዕቃ እንዲከደን ማዘዛቸው በትክክለኛ ሐዲሶች ተዘግቧል። ዛሬ ሐኪሞች ስለ ቢልሃርዚያና ስለ ተቅማጥ ሲያስተምሩ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ አትጸዳዱ፣ ዕቃውን ክደኑ ይላሉ።

ውሃውን እንዴት እናንቀሳቅስ?

ለማንቀሳቀስ የግድ ፓምፕ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ቀድሞ የገባው ውሃ ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግና የሚረሳ ጥግ እንዳይኖር መጠንቀቅ ነው።

የመጀመሪያው ሒሳብ፣ ገንዳው ከፍጆታው ጋር ይመጣጠን የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። 40 ሰው የሚሰግድበት የሰፈር መስጂድ አለ እንበል። እያንዳንዱ ሰው ለውዱእ 3 ሊትር ቢጠቀም በአንድ ወቅት 120 ሊትር፣ በአምስቱ ወቅት 600 ሊትር ይሆናል። ገንዳው 10,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ውሃው ተለውጦ እስኪያልቅ ከ16 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ይህ ለትንኝ እጭ ከበቂ በላይ ጊዜ ነው፤ ክሎሪኑም ቢሆን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ያልቃል። መፍትሔው ገንዳውን ማፍረስ አይደለም። ፍሎት የሚባለውን ተንሳፋፊ ኳስ ዝቅ አድርጎ በማሰር ገንዳው በአዘቦት ቀን 2,000 ሊትር ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ውሃው በሦስት ቀን ከግማሽ ገደማ ይለወጣል። ለጁምዓ ዋዜማ፣ ለረመዳንና ለዒድ ደግሞ ሙሉ ይሞላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እፍኝ ሙሉ በምትሆን ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ስናስብ ደግሞ 3 ሊትሩም ሊቀንስ የሚችል ነው፤ ፍጆታው በቀነሰ መጠን ግን የምንሞላውም እንዲሁ መቀነስ እንዳለበት አንርሳ። በፈረቃ ምክንያት ብዙ ማጠራቀም ግድ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። እዚያ ክዳኑን ማጥበቅና ክሎሪኑን በየጥቂት ቀኑ መጨመር የእንቅስቃሴውን ጉድለት በከፊል ይሞላሉ።

ሁለተኛው፣ መግቢያውና መውጫው ትይዩ ይሁኑ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ቧንቧ የሚዘረጋልን ባለሙያ ለድካም ሲል መግቢያውንና መውጫውን በአንድ በኩል ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል። ያኔ አዲሱ ውሃ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፤ በወዲያኛው ጥግ ያለው ውሃ ግን ለወራት ሳይነካ ይቀመጣል። መግቢያው በአንድ በኩል ከላይ፣ መውጫው በተቃራኒው በኩል ከታች ይሁን። መውጫው ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ከፍ ቢል ዝቃጩ ወደ ቧንቧው አይገባም። ለዝቃጩ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የራሱ ማስወገጃ ቀዳዳ ይኑረው።

ሦስተኛው፣ ሁለት ሮቶ ያለው ሰው አንዱን «ለክፉ ቀን» ብሎ ሞልቶ መተው የለበትም። ሁለቱን በቧንቧ አገናኝቶ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው አልፎ እንዲወጣ ያድርግ። የተተወው ሮቶ ክፉውን ቀን ራሱ ይዞ ይመጣል።

አራተኛው፣ በየግቢው ያሉት በርሜል፣ ማሰሮና የከብት ማጠጫ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው ይታጠቡ። ሳምንት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ለመቅደም ነው። ግድግዳውን ማሸቱ አይረሳ፤ አንዳንድ ትንኞች እንቁላላቸውን ከውሃው መስመር በላይ ይለጥፉታልና። የአየር መውጫ ቀዳዳዎች በጥሩ ወንፊት ይሸፈኑ።

የትኛውን ማጽጃ እንምረጥ?

ማጽጃ ስንመርጥ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ውሃው ለምን ይውላል? ድፍርስ ነው ወይስ ጥሩ? መጠኑስ ስንት ነው? አንድ ማጽጃ ለሁሉም አይሆንም።

በረኪና። በየሱቁ የሚገኝ፣ ርካሽና ጀርም ገዳይ ነው። ሽታ ወይም ቀለም ያልተጨመረበትና በላዩ 5 በመቶ ገደማ መሆኑ የተጻፈበት ይመረጥ። ለ1,000 ሊትር ጥሩ ውሃ 40 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ በሲሪንጅ መለካት ይቻላል። ጨምሮ ማማሰልና ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በረኪና ፀሐይና ሙቀት ላይ ሲቀመጥ እየደከመ ስለሚሄድ በጥላ ይቀመጥ፤ ለወራት የቆየውን ግን አትመኑት።

ዱቄት ክሎሪን። ኤች.ቲ.ኤች. በሚል ስም የሚታወቀው ዱቄት ከ65 እስከ 70 በመቶ ጉልበት ስላለው ለትልቅ ገንዳ ይመረጣል። ለ1,000 ሊትር ጥሩ ውሃ 3 ግራም ይበቃል። ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጣችሁ ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ወደ ገንዳው ቀንሱ።

የቤት ውስጥ ማከሚያዎች። ውሃ አጋር በሚል ስም ሲሸጥ የቆየው ፈሳሽና አኳታብስ የሚባለው እንክብል ለጀሪካን የተመጠኑ ናቸው። ለመጠጥ ከእነዚህ የሚቀል የለም፤ በላያቸው የተጻፈውን መመሪያ መከተል ብቻ ነው። ቢሻን ጋሪ የሚባለው የሀገር ውስጥ ዱቄት ደግሞ ጭቃውን እያረጋ ጀርሙንም ስለሚገድል ለድፍርስ የጎርፍ ውሃ የተሻለ ነው።

የሺፈራው ፍሬ። በኮንሶና በደቡብ የሚታወቀው የሺፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን ሰብስቦ ወደ ታች ያረጋዋል። ከጭቃው ጋር ብዙ ጀርም ይወርዳል፤ ሁሉም ግን አይሞትም። ስለዚህ ውሃው ከጠራ በኋላ መፍላት ወይም ክሎሪን ማግኘት አለበት።

እንዶድ። ስለ እንዶድ ሳንናገር ብናልፍ ወረፋ መዝለል ይሆንብናል። እናቶቻችን ለልብስ የሚያጥቡበት ይህ ተክል በዓለም ሳይንስ ስሙ የተነሣው በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በአድዋ ለዓመታት በተደረገው የእንዶድ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይሁንና እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ለቦይና ለኩሬ ቀንድ አውጣ በባለሙያ ምክር የሚውል እንጂ ለመጠጥም ሆነ ለውዱእ ገንዳ የሚጨመር አይደለም።

የማይሆኑት። የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል፣ የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ሰው በሚጠቀምበት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካንም ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። ለትንኝ እጭ የሚጨመረው አቤት የሚባለው መድኃኒት በጤና ባለሙያ ልክ ተለክቶ ብቻ ይሰጣል። በረኪናን ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃና ከሌላ ኬሚካል ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሕይወትም ያስከፍላል።

አንዳንድ ሰው ክሎሪን የገባበት ውሃ ለጠሃራ ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ዓምድ የጤና ዓምድ ስለሆነ ፍርዱን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። ከጤና አንጻር ግን ከላይ የጠቀስነው መጠን የውሃውን መልክ እንደማይለውጥ መናገር እንችላለን።

ገንዳ አጠባ በቅደም ተከተል

ገንዳ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ክረምት ሳይገባ፣ ሁለተኛውን ክረምቱ ሲወጣ ቢታጠብ መልካም ነው።

ሀ. መግቢያውን ዝጉ። የቀረውን ውሃ አትድፉት፤ ለዛፍና ለአትክልት አውሉት።

ለ. ክዳኑን ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ። ማንም ብቻውን ወደ ገንዳ አይግባ፤ ውጭ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኑር። ጄኔሬተር ወይም የነዳጅ ፓምፕ ገንዳው ውስጥም ሆነ በአፉ ላይ አይነሣ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል።

ሐ. ዝቃጩን በማስወገጃው አውጡ። ግድግዳውንና ወለሉን በቡሩሽ ፈትጉ። ለፕላስቲክ ሮቶና በላስቲክ ለተነጠፈ ኩሬ የብረት ቡሩሽና አካፋ አይሁን፤ ጭረቱ የጀርም ጎጆ ይሆናል፣ ላስቲኩም ይቀደዳል።

መ. አለቅልቃችሁ ውሃ ሙሉ። ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 80 ግራም ዱቄት ክሎሪን ወይም 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ቧንቧ እየከፈታችሁ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ጠብቁና ዝጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ ገንዳው ታጥቦ ቧንቧው ካልታጠበ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሠ. 24 ሰዓት ይቆይ። በዚህ ጊዜ «አይጠጣም፣ ውዱእ አይደረግበትም» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ። ከዚያ ውሃውን ሰብልና ዓሣ በሌለበት ቦታ አፍስሱት፤ አለቅልቃችሁ በንጹሕ ውሃ ሙሉት።

ጓንትና የዓይን መከላከያ አይረሳ።

የመዋኛ ገንዳ ላላቸው

ለቆቦ ሰው የመዋኛ ገንዳ የሩቅ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ሲሠራ የመዋኛ ገንዳም ነበረው። በሌሎች ከተሞችም ሆቴሎች ገንዳ ያስገባሉ። ሕጉ እዚያም አንድ ነው።

የመዋኛ ገንዳ ልቡ ፓምፑ፣ ኩላሊቱ ማጣሪያው ነው። ውሃው በሙሉ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ በማጣሪያው አልፎ መመለስ አለበት። የወለል መጥረጊያ ማሽን ሲገዛ የሚታየው ዋና ነገርም ይኸው ነው። አንዳንዱ መጥረጊያ በዋናው ፓምፕ የመምጠጥ ኃይል ስለሚሠራ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን እሱ እየጠረገ ሳለ ከገጹ ላይ የሚሰበሰበውና የሚዘዋወረው ውሃ ይቀንሳል። ሌላው የራሱ ሞተርና ማጣሪያ ያለው ሮቦት ነው፤ ውድ ቢሆንም የገንዳውን ዝውውር አይነካም። ፓምፑ ደካማ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ቢገዛ ወለሉ ንጹሕ፣ ውሃው ግን የታመመ ይሆንበታል። ለትንሽ ገንዳ ረጅም እጀታ ያለው ቡሩሽና መረብ በትጋት ከተሠራባቸው ከማሽን አያንሱም።

ዓይን የሚያቃጥልና የሚከረፋ ገንዳ «ክሎሪን በዛበት» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሽታው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ ሳይታጠቡ አለመግባት የመጀመሪያው ማጽጃ ነው።

ልጆችና የማሳ ኩሬ

በቆላ ሙቀት ልጅን ከውሃ መከልከል ከባድ ነው። ቢሆንም የመስኖ ኩሬ የመዋኛ ቦታ አይደለም። አንደኛ፣ በላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ ዳሩ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ይታጠር፤ ቋጠሮ ያለው ገመድም ከዳሩ ወደ ውሃው ይንጠልጠል። ሁለተኛ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የዳሩ ሣር በየጊዜው ይታጨድ፤ ቦዩ ይጠረግና ውሃው ፈጥኖ እንዲፈስ ይደረግ፤ በመካከሉ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ። ከቦይ ተቀድቶ ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት 48 ሰዓት የተቀመጠ ውሃ ለገላ መታጠቢያ ከቢልሃርዚያ የነጻ ነው፤ ለመጠጥ ግን አሁንም መታከም አለበት። ልጁ ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም ሆዱ ከተነፋ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለ።

ከገንዳው እስከ ገበታው

የሥነ-ምግብ ዓምድ ሆነን ስለ ገንዳ ይህን ያህል ለምን አወራን? ምክንያቱም ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላው ሁሉ ይባክናል። ማሽላውም፣ ወተቱም፣ እንቁላሉም ከአንጀቱ ሳይቆይ ይወጣል። በየወሩ ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን እናቱ የምታበላው ጠፍቶ ሳይሆን የምታጠጣው ቆሽሾ ይቀጭጫል።

እንጀራና ገንፎ እሳት ስለሚያገኛቸው ውሃቸው ይታከማል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እሳት ሳያገኝ ለሚጠጣውና ለሚበላው ነው። በሶ ሲበጠበጥ፣ በረመዳን ለፍጡር አብሽ ሲመታ፣ ብርዝና ጭማቂ ሲዘጋጅ፣ ሰላጣና ቲማቲም ሲታጠብ ውሃው የፈላ ወይም ክሎሪን ያገኘ ይሁን። ከማሳ የመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም በቦይ ውሃ አጥቦ ወደ ቤት ማስገባት ንጹሑን ማቆሸሽ ነው። እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም።

ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ቶሎ ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ እስከ 10 ወይም 14 ቀን አስጨርሱት፤ ጡትና ምግብ አትከልክሉት። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ በቂ ነው። ወደ ሮቶአችሁና ወደ መስጂዳችሁ ገንዳ ሄዳችሁ ክዳኑን ክፈቱ፣ ወደ ውስጥም በባትሪ ተመልከቱ። ውሃው የሚገባውና የሚወጣው በየት በኩል ነው? በስንት ቀን ይለወጣል? በገጹ ላይ የሚወራጭ ነገር አለ? መልሱን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ሱቅ ሄዳችሁ ማጽጃውን ግዙ። የገንዳ ጠባቂነት በመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ኃላፊነት ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ልጆች ጤና ግን በዚያ ሰው እጅ ነው። ኃላፊነቱን ለሚያውቅና ለሚተጋ ሰው ስጡት።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።